ባለ ሦስት ጣቱ ወፍና ስልሳ ሻርፕ

ይህ ነገር ጨርቁን፣ ክሩንና የደርሶ መልስ ጉዞውን ጨምሮ ሰማንያ ሁለት ሺህ ብር ወጣበት። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። መርካቶ ውስጥ "ከድር ናይሮቢ ደርሶ መጣ" ሲባል የሰማ ሁሉ ከአገሩ በፊት የሚጠይቀኝ ሒሳቡን ነው። ሒሳቡ ይኸው። አሁን አገሩን ላውራ፤ ከጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ናይሮቢን አያዩትም፣ ለማየትም ሐሳብ የላቸውም።

ሱቄ ነጠላ፣ ሻርፕና ጥልፍ ያለበት ልብስ ይሸጣል። ጠላፊዋ ባለቤቴ ሙኒራ ነበረች፤ ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሠራ ነበር። አምና ዶክተር ዋምቡይ የምትባል ኬንያዊት የወፍ ምሁር አዲስ አበባ ለስብሰባ መጥታ ሱቃችን ገባች። የሙኒራን እጅ ስታይ ስልሳ ሻርፕ አዘዘች፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ የባሕር ዳር ወፍ ይጠለፍበታል። ሻርፑ አገሯ ላይ ስለ ወፍ ሊነጋገሩ ለሚሰበሰቡ እንግዶች የሚሰጥ ነው። ወፉን ራሷ ሥላ ትታልን ሄደች፤ ላዩ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ መንቁሩ ቀይና ረጅም። በእንግሊዝኛ ኦይስተርካቸር ይሉታል። ኦይስተር ማለት በሁለት ክዳን ተዘግቶ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው አሉኝ። እኛ ባሕርም ስለሌለን፣ ለወፉም ስም ስላላገኘሁለት፣ "ዛጎል ከፋች" ብዬዋለሁ።

ሙኒራ ሥዕሉን እንዳየች፣ "ከድር፣ ይቺ ሴትዮ ወፉን አጉድላዋለች" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የኋላ ጣቱን። ሦስት ብቻ ነው የሣለችለት። በምኑ ይቆማል?"

"ሴትዮዋ እኮ የወፍ ምሁር ናት።"

"ዶሮ በልታ ይሆናል እንጂ በልታ አታውቅም፣ ማለቴ ገንጥላ አታውቅም። ዶሮ የገነጠለ ሰው እንዲህ ብሎ አይሥልም።"

ሙኒራ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ብልት ዓይኗን ጨፍና የምታወጣ ሴት ነበረች። አራተኛዋን ጣት ከተረከዙ ላይ በቀይ ክር ጨመረችለት። መሃል ላይ ታመመች፤ የመጨረሻውን ሻርፕ አልጋ ላይ ሆና ጨረሰችው። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ልጅ አላህ አልሰጠንም። እህቶቿ እንደ ልማዱ ልብሷን ተካፈሉ፣ እኔ ደግሞ ስልሳውን ሻርፕ በሻንጣ ከትቼ መንገድ ጀመርኩ።

ቅዳሜ። ገና ሳይነጋ ከቃሊቲ ተሳፈርን። ሻንጣውን እግሬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረው የዲላ ቡና ነጋዴ ሐዋሳ እስክንደርስ ታገሠኝ።

"አባት፣ ይህን ሻንጣ ለምን ላይ አይሰቅሉትም?"

"የሚስቴ ሥራ ነው።"

"እሳቸውስ?"

"ቀድማኛለች።"

"ናይሮቢ?"

"ራቅ ይላል" አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ቡና ዋጋ አወራን፤ እሱ ሁላችንንም የሚያስማማ ጉዳይ ነው። ዲላ ላይ ሲወርድ አንድ እጅ ሙዝ እግሬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ያቤሎ አደርን። አልጋው እንደ ሁሉም የአውራ ጎዳና አልጋ መሃሉ ጎድጉዷል፤ ሁለት ሰው ቢተኛበት ኖሮ እኩል ይጎደጉድ ነበር።

እሑድ። ሞያሌን ከሰዓት በኋላ ተሻገርን። የኬንያው ጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣውን አስከፍቶ አንዱን ሻርፕ ዘረጋና "ኩኩ?" አለኝ፤ ዶሮ ነው ወይ ማለቱ ነው። በልጅነቴ ሞያሌ ላይ ጎማ ጫማ ስሸጥ የለቀምኳት ስዋሂሊ ስላለችኝ፣ የባሕር ወፍ ነው አልኩት። እሱም ባሕር አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ባሕር ያላየን ሁለት ሰዎች ስለ ባሕር ወፍ ቀረጥ ተከራክረን ተስማማን። የእኛዎቹ ጉምሩኮች ሲያስከፍሉ ይቆጣሉ፤ ይሄኛው እየሳቀ አስከፈለኝ። የከፈልኩት ግን ያው ነው።

ሰኞ። የናይሮቢ አውቶቡስ በማለዳ ተነሣ። መንገዱ እስከ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ነው፤ የእኛ ሹፌር ቢያየው እንቅልፍ ይወስደው ነበር። የሚያነቁት ፖሊሶቹ ናቸው። እኛ አገር የኬላ ፖሊስ "ወዴት ነህ?" ይልሃል፤ እዚህ "ማን ነህ?" ነው የሚለው። ቀኑን ሙሉ ማንነቴን ሳስረዳ ዋልኩ።

ኢሲዮሎ ላይ ለምግብ ቆምን። ኡጋሊ በላሁ፤ ቅቤና በርበሬ የተነፈገው ገንፎ ማለት ነው፣ አጠገቡ ያለው ጎመን ግን ከእኛው ጎመን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ከዚያ ልሰግድ መስጊድ ገባሁ። ስወጣ ጫማዬ የለም። ሹፌሩ ጡሩምባ ያስጮኻል፣ ያለኝ አማራጭ በር ላይ የቀሩት ሁለት ነጠላ ጫማዎች ናቸው፤ ሁለቱም የግራ እግር። ናይሮቢ የገባሁት እንደዚያ ሆኜ ነው፣ ሁለት ግራ እግር ይዤ።

ኢስሊ ሰፈር የደረስነው ሲመሽ ነው። ኢስሊን ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምዕራብ ሆቴል አካባቢን ወስደህ አምስት ፎቅ ከፍ አድርገው፣ ሱማሌኛ ጨምርበት፣ ጭቃውን እንዳለ ተወው። ራህማ፣ የሙኒራ የአክስት ልጅ፣ እዚያ ትኖራለች። በሯን ከፍታ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እግሬን አየች። ልታለቅስ የጀመረችው ወደ ሳቅ ሄደባት፣ ሳቁ ተመልሶ ለቅሶ ሆነ። ከሙኒራ ቀብር የቀረችው ወረቀቷ ስላልተስተካከለ ነው፤ ድንበር ከወጣች መመለሷ አይታወቅም። እኔ ከሐዘን ቤት የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ሐዘን ቤቱ ግን ኢስሊ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ባሏ ለሥራ ሞምባሳ ነው። ወንዱ በሌለበት ቤት ማደር ስለማይሆን፣ በልቼ እዚያው መንገድ ላይ ካለ አልቤርጎ ገባሁ። ራህማ የባሏን ጫማ ሰጠችኝ። ከእኔ በሁለት ቁጥር ይበልጣል።

ማክሰኞ። ጠዋት ከአልቤርጎው ሥር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ "ሁለት ቻይ" አልኩ። አስተናጋጁ ሁለት አመጣና አንዱን ከፊቴ ካለው ባዶ ወንበር በኩል አስቀመጠው። የሃያ ዓመት አፍ ነው ያዘዘው። ሁለቱንም ጠጣሁ፤ ተከፍሎበታል።

ለማስተርጎም የራህማ ልጅ ሐናን አብራኝ ሄደች። ነርስነት ትማራለች፤ ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው። "አንክል፣ ሲት ቤልት እሰር፣ ፖሊስ አለ" ትለኛለች። እዚህ ያደጉ ልጆች ትልቅ ሰውን አንተ ነው የሚሉት። አልከፋኝም፤ ቤቴ ውስጥ አንተ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መሃል ከተማ ወርደን፣ ሌላ ማታቱ ይዘን ወደ ሩንዳ ወጣን። ሩንዳ ቦሌ ነው እንዳልል ቦሌ ውስጥ ሰው ይታያል። እዚህ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ዛፍ፣ ከዛፉ ጀርባ ውሻ ነው። ባለቤቱ ካለ ከውሻው ጀርባ ነው።

ዶክተሯ ራሷ በሩ ድረስ መጥታ ተቀበለችን። ሻይ በወተት አቀረበችና የመጀመሪያውን ሻርፕ ዘርግታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኑን ወደደችው፤ ሙኒራ በአንድ ነጥብ ቀይ ክር የሠራችው ዓይን ነው። ከዚያ መነጽሯን አጠለቀች። እዚህ ላይ ነው ልቤ ጠቅ ያለው፤ ገዢ መነጽር ሲያጠልቅ ጥሩ ነገር አያመጣም።

"ሙዜ፣ ይህ ምንድን ነው?" ሙዜ አባት እንደ ማለት ነው፤ ጣቷን የወፉ ተረከዝ ላይ አሳረፈች።

"ጣት ነው።"

"እኔ የሣልኩት ሦስት ነበር።"

"አንዱን ረስተውት ነበር፤ አሟላንልዎት።"

ሐናን ሳትተረጉም አየችኝ። "አንክል፣ እንዲህ ልበላት?"

"በያት።"

ሴትዮዋ ከልቧ ሳቀች። ሁለተኛውን ዘረጋች፣ ሦስተኛውን ዘረጋች፣ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ወስዳ ወፎቹን አሳየችኝ። እኔ የገባኝን ላስቀምጥ።

ዛጎል ከፋች በዓለም ላይ አሥራ ሁለት ያህል ዓይነት ነው፤ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ከውኃ ዳር ባለ ረጅም እግሮች ጋር ይዛመዳሉ። ግማሾቹ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ጥቁርና ነጭ የለበሱ ናቸው። ግማሾቹ ድፍን ጥቁር ናቸው፤ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለው እንደዚያ ነው። በጣም ስለሚመሳሰሉ ምሁራኑ "ይሄና ያኛው አንድ ናቸው፣ የለም ሁለት ናቸው" እያሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ዓይነት በአትላንቲክ ደሴቶች ላይ ይኖር ነበር፤ ጠፍቷል። የእሱ ፎቶ የለም፣ የደረቀ ቆዳው ብቻ አለ። የእኛ ሻርፕ ላይ ያለው በሰሜን አገር ክረምት ሲከብደው ጥቂት ጥቂት እየሆነ ወደ ኬንያ ባሕር ዳር የሚወርደው ነው።

ስሙ ኦይስተር ያዥ ቢሆንም ኦይስተር የሚበላው ሲያገኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዛጎልና ትል ነው ምግቡ። መርካቶ ላይ "ጅምላ ብቻ" የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ በነጠላ እንደሚሸጥ ሰው ነው። አከፋፈቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንዳንዱ ዛጎሉን ቀጥቅጦ ይሰብራል፣ አንዳንዱ ክዳኑ ገርበብ ሲል መንቁሩን እንደ ቢላዋ ሰክቶ ጅማቱን ይቆርጣል። የቀጥቃጩ መንቁር ጫፉ ይደነዝዛል፣ የወጊው ይሾላል። ሥራው ቅርጹን ይሰጠዋል። ይህን ስሰማ የሙኒራ ሌባ ጣት ትዝ አለኝ፤ ጫፉ በመርፌ ተደብድቦ እንደ ሽንብራ የጠነከረ ነበር። ሙያው ከባድ ስለሆነ ጫጩቱ ቶሎ አይችለውም፤ ሌሎች የውኃ ዳር ጫጩቶች ከተፈለፈሉ ጀምሮ ራሳቸው ሲለቅሙ፣ ይሄ ወላጆቹ እያጎረሱት ይቆያል። ጥሩው ባሕር ዳር ተይዞ ያለቀ ስለሆነ ወጣቶቹ ዓመታት ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ይህ እንኳ መተርጎም አላስፈለገውም፤ እኔም ፊት ለፊት ሱቅ እስካገኝ ከጀርባ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ።

"ባልና ሚስቱም በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ አንዱ ወደ ሌላው ጎን ይመለሳሉ" አለች።

"አንዱ ቢሞትስ?" አልኩ።

"የቀረው ብዙውን ጊዜ ሌላ ያገኛል።"

ሰፈሬም የሚለኝ ይህንኑ ነው። ከወፍ ምሁር ጋር የተስማማ ሰፈር እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

"እና የኋላ ጣት?"

"የላቸውም። አንዳቸውም። ከሚታወቁበት ነገር አንዱ ነው።" መነጽሯን አወለቀች። "ሙዜ፣ የሚመጡት ሰዎች ሥራቸው ይህን መቁጠር ነው። ባለ አራት ጣቱን ስሰጣቸው በትሕትና ያመሰግኑኛል፣ ከዚያ ለዘላለም ይስቁብኛል። ዓርብ ወደ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። ጣቱን ማንሳት ይቻላል? የባለቤትህን ሥራ ሌላ ሰው ቢነካው ደስ አይለኝም፤ እንዲህ ሆኖ ግን ልወስደው አልችልም።"

አልተቆጣኋትም። የፋብሪካው ምልክት ላይ አንድ ፊደል የተረፈው ሸሚዝ ቢመጣልኝ እኔም እመልሳለሁ። "ይቻላል" አልኩ።

ሐናን አፏን ስትከፍት እግሯን በእግሬ ነካሁት። የሰው ጫማ ስለሆነ ሳይጠነክር አልቀረም። ውጪ ስንወጣ እያነከሰች ተቆጣችኝ።

"ለምን አልነገርካትም? ሺ ኢዝ ናይስ፣ አንክል። ትረዳህ ነበር።"

"ስለምትረዳኝ ነዋ።"

ሐዘን ዕቃ ላይ አይለጠፍም። ከተለጠፈ ወይ ዋጋ ያስጨምራል፣ ወይ ምሕረት ያስደርጋል። የሙኒራ ጥልፍ ሁለቱንም ጠይቆ አያውቅም።

ረቡዕ። ራህማ ሳሎኗን ለቀቀችልኝ። ምላጭ ገዛሁ፣ ሻርፖቹን ከምሬ ተቀመጥኩ፣ የመጀመሪያውን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲህ እያደረግኩ ሻዬ ቀዘቀዘ። ራህማ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

"ስጠኝ፣ እኔ ልተርትረው።"

"የእኔ ሥራ ነው።"

"እሺ፣ በእጅህ ላይ እንዳታበላሸው ግን ከጀርባው ጀምር" ብላ ገለበጠችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። "ከድር፣ ና እስቲ ይህን እይ።"

አየሁ። የቀኝ እግር፣ የግራ እግር፣ ሦስት ሦስት ጣት፣ ሁሉም በአንድ ክር የተያያዘ ነው። አራተኛዋ ጣት ግን የራሷ ክር፣ የራሷ ትንሽ ቋጠሮ አላት።

"ለብቻዋ ነው የሠራቻት። ቋጠሮዋ ከተቆረጠ እግሩ ሳይነካ ትወጣለች።"

"ታውቅ ነበር ማለት ነው?"

"ብታውቅማ አትሠራትም" አለች ራህማ። "ተከራከረች፣ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም። በር ትታልሃለች።"

እንደዚያ ነበረች። ከሙሽራ ጋር ስለ ቀለም ተሟግታ፣ ረትታ፣ ከዚያ ሙሽራዋ ሐሳቧን ብትቀይር እንዲፈታ አድርጋ ነበር የምትሰፋው። ከእኔም ጋር ስትጣላ እንዲሁ ነው፤ የሚፈታ ቋጠሮ ሳትተው ተጣልታ አታውቅም። ሃያ ዓመት ስፈታው ኖሬ ቋጠሮው የሷ ሥራ መሆኑን አልጠረጠርኩም፤ የእኔ ብልሃት ይመስለኝ ነበር።

ቋጠሮ መቁረጥ፣ መሳብ። ክሯ ስትወጣ ድምፅ የላትም። ሐናን ከትምህርት ቤት ስትመጣ አንድ ምላጭ ይዛ ተቀላቀለችን፤ ሦስታችንም ሥራው ቀለለንና ወሬ ጀመርን። ራህማ ሙኒራ በልጅነቷ ያስተማሪያቸውን ካልሲ ጠልፋ ስላስቀጣቻት ቀን አወራች። ሳቅን።

ሳቁ ያቆመው ወደ ክምሩ ሥር ስንደርስ ነው። ሙኒራ የሠራችበትን ቅደም ተከተል ጠብቄ ነበር የከመርኳቸው። ራህማ አንዱን ገለበጠች። ቋጠሮ የለም። አራተኛዋ ጣት ከእግሩ ጋር በአንድ ክር ተያይዛለች።

"ከዚህ ጀምሮ ደክሟታል" አለች።

ሌላ ክር ለማስገባት፣ ሌላ ቋጠሮ ለመቋጠር አቅም አልነበራትም። እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ ማታ ስመጣ "ዛሬ ደህና ነኝ" ትለኝ ነበር። ከፊቱ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፣ ያንኑ የመሰለ ወፍ ነው። ከጀርባው ግን የታመመችበት ቀን እንደ ሰሌዳ ይነበባል። እነዚህን ስንተረትር እግሩም አብሮ ይላላል፤ ራህማ በራሷ መርፌ እየያዘች አጠበቀችው። በእነዚህ ላይ የሁለት ሴት እጅ አለ።

ስንጨርስ ሐናን ወለሉን ጠረገች። ቀይ ክሩ ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ወደ አካፋው ገባ።

ራህማ የመጨረሻውን ሻርፕ፣ አልጋ ላይ የተሠራውን፣ አጥፋ ከሌሎቹ ለይታ አስቀመጠችው።

"ይህን ለራስህ አስቀር። ከስልሳ አንድ ቢጎድል ማን ያያል? ቤትህ ውስጥ የሷ ሥራ ምን አለህ?"

አሰብኩ። የጠለፈችው ሁሉ በባንኮኒው ላይ ወጥቷል። የነጋዴ ሚስት ለቤቷ አትጠልፍም፤ ለራሷ የጀመረችውን ገዢ ካየው ይሸጣል፣ ሻጩም እኔ ነበርኩ። ሻርፑን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ዓይኑ እንደ ሌሎቹ መሃል ላይ አልተቀመጠም፤ ትንሽ ወደ ታች ይመለከታል።

"ለምን ይመስልሻል ይህን አልጋ ላይ ሆና የጨረሰችው?" አልኳት። "ተዪው፣ ሃምሳ ዘጠኝ ይበቃል ብያት ነበር። ስልሳ ነው ያልነው አለችኝ። አሁን እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ካስረከብኩ ለምን ደከመች?"

ሻርፑን ራሴ ክምሩ ላይ መለስኩት።

ሐሙስ። ሩንዳ ተመለስን። ዶክተሯ ጣት ትቆጥራለች፣ እኔ ሻርፕ እቆጥራለሁ። ሁለታችንም አልጎደለብንም። ገንዘቡን ሳታጓድል ከፈለችና አንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመስታወት ታየች። ያማረባት ነበር፤ ሙኒራ ብታያት "ወደ ግራ ሳቢው" ትላት ነበር።

"ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ" አለች። "ቅር እንዳትሰኝብኝ ደግሞ። በሚቀጥለው ጊዜ የደቡቡን፣ ድፍን ጥቁሩን አሠራታለሁ። ቀላል ነው በላት፤ አንድ ቀለም ነው።"

ሐናን ወደ መሬት አየች። ውሸቱን በእሷ አፍ ላለማስወጣት በዚያች የጎማ ጫማ መሸጫ ስዋሂሊዬ ራሴ መለስኩ።

"ኒታምዋምቢያ።" እነግራታለሁ።

ዓርብ ጁምዓን ኢስሊ ሰግጄ ቅዳሜ ተሳፈርኩ። ራህማ ሳምቡሳ ቋጠረችልኝ፤ ጫማውን መልሼ ሐናን ከገበያ ያመጣችልኝን፣ በልኬ የሆነውን አድርጌያለሁ። መንገዱ ያው መንገድ፣ ፖሊሱ ያው "ማን ነህ?" ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ከፈትኩ፣ መብራት አበራሁ፣ ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁ።

ገቢ፦ አንድ መቶ አምሳ ሺህ ብር። ወጪ፦ ሰማንያ ሁለት ሺህ። ትርፍ፦ ስልሳ ስምንት ሺህ። ከሙኒራ እጅ ሥራ ቤት ውስጥ የቀረ፦ የለም።